በዱመሳ ዋሻ የታጠቡት ስሞች

ጡረታ መውጣቴን እግሬ አልሰማም። ማክሰኞና ቅዳሜ ሲነጋ ከእኔ ቀድሞ ይነቃና ዳገት ይፈልጋል። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ በእነዚህ ሁለት ቀናት እንግዳ ይዤ ወደ ዱመሳ ተራራ ስወጣ ስለኖርኩ፣ አሁን በጭሮ አስፋልት ላይ ስሄድ እንኳ ጉልበቴ ሳላዘው ከፍ ከፍ ይላል። ልጄ ታየኝና «እማዬ፣ ባጃጅ ጣራ ላይ ልትወጪ ነው?» እያለች ትስቃለች።

ዱመሳ በኦሮምኛ ደመና ማለት ነው። ስሙን ያወጣለት ሰው ብዙ የተጨነቀ አይመስለኝም። ተራራው የዓመቱን ግማሽ ደመና ለብሶ ነው የሚኖረው። ከታች ለሚያየው ሰው አናት የለውም። ከላይ ለሚቆም ሰው ደግሞ ዓለም የለችም፤ ጥድ፣ ነጭ ጭጋግ፣ አልፎ አልፎም ከጭጋጉ ውስጥ ጅራቱን አንጠልጥሎ ብቅ የሚል ጉሬዛ ብቻ። የሥራ ዘመኔን ሳስብ የትኛው የሆነ፣ የትኛው ያለምኩት እንደሆነ አንዳንዴ የሚምታታብኝ ለዚህ ይመስለኛል። አንድ ነገር ግን አልተምታታብኝም። ይህን የምጽፈውም ስለ እሱ ነው።

የምንጃር ልጅ ነኝ። በሃያ አራት ዓመቴ የታሪክ አስተማሪ ሆኜ ገለምሶ ተመደብኩ። እናቴ ካርታ ላይ አሳዪኝ ብላ ጣቷን አስቀመጠችና፣ ጣቷን ሳታነሳ አለቀሰች። ገለምሶ ግን አላስለቀሰችኝም። ዘጠኝ ዓመት ኖርኩባት፤ አገባሁ፣ ልጄን ወለድኩ፣ ኦሮምኛም ለመድኩ። ቋንቋውን ያስተማሩኝ የገበያ ሴቶች ናቸው። ስሳሳት ይስቁና ምርቃት ይጨምሩልኛል። ብዙ እሳሳት ስለነበር ብዙ ተመርቄያለሁ። በኋላ መሳሳቴን የሚነግረኝ ሰው ጠፋ፤ እኔም የጨረስኩ መሰለኝ። ነገሩ ከዚህ ነው የሚጀምረው።

ከገለምሶ ወደ ሂርና ተዛወርኩ፤ ማስተማሩን ትቼ ቢሮ ገባሁ። ቢሮዬ ከመንገዱ ዳር ነበር። የጫት መኪና ሲያልፍ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፣ የጻፍኩት ሁሉ ከጠረጴዛው ይበራል። ሁለት ዓመት ወረቀት ስለቅም ቆይቼ ጭሮ የቅርስ ክፍል ቦታ ተገኘ ተባልኩ። ደመወዙ በጣት የሚቆጠር ጭማሪ ነበረው፤ ደስ ያለኝ ግን ከመስኮቱ መገላገሌ ነው። የመጀመሪያው ቀን ኃላፊያችን ጠራኝና «ዱመሳን ታውቂዋለሽ?» አለኝ።

«በስም ነው የማውቀው።»

«እንግዲያው ነገ ውጪ። ዘበኛው ያሳይሻል።»

ስለ ቦታው ላስረዳ። ዱመሳ ላይ ሰፊ ዋሻ አለ። አብዮቱ ከመፈንዳቱ በፊት በነበረው ክረምት አሥራ አንድ ሰዎች እዚያ ተጠልለው ነበር። ዘጠኙ ጭሰኞች፣ ሁለቱ አስተማሪዎች። ያረስነውን እህል እኩሌታ ለባለርስት አንሰጥም ብለው አምጸው ነው የወጡት። ፖሊስ ተራራውን ከበበ። እነሱ ክረምቱን በዋሻው ውስጥ አሳለፉ፤ መስከረም ሲጠባ ከበባውን ሾልከው ወረዱ፤ ሦስቱ ግን ቤታቸው አልደረሱም። ጥቂት ወራት አልፎ አብዮቱ መጣ፤ ከዓመት በኋላም መሬቱ ላራሹ ሆነ። ሰዎቹ ከመውረዳቸው በፊት በከሰል ስማቸውን ግድግዳው ላይ ጻፉ። ገሚሶቹ በእኛ ፊደል፣ ገሚሶቹ ቁርዓን ቤት በተማሩት በዐረብ ፊደል። ሰው ከሩቅ የሚመጣው እነዚያን ስሞች ለማየት ነበር።

ዘበኛው ኦቦ ሙሜ ይባላሉ። ያን ጊዜ ወደ ሃምሳዎቹ የገቡ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ የወይራ ዱላ የማይለያቸው ሰው ነበሩ። በዚያ ክረምት ጎረምሳ ሳሉ ለሰዎቹ ውኃና እህል በድብቅ ያመላልሱ ነበር። መጻፍና ማንበብ አይችሉም። የደመወዝ መዝገቡ ላይ «ጥበቃ» ተብለው ተጻፉ እንጂ፣ ሥራዬን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

ሰላምታ ከተለዋወጥን በኋላ ገና አሥር እርምጃ ሳንሄድ ጥያቄ አከታተልኩባቸው። ቆም አሉ።

«ልጄ፣ ስንት ጊዜ ወጥተሻል?»

«የመጀመሪያዬ ነው፣ ኦቦ ሙሜ።»

«እንግዲያው አትናገሪ። ዳገት የሚወጣ ሰው ትንፋሹን በወሬ አይጨርስም።»

ዋሻው አፍ ላይ ስንደርስ አብረውን የወጡትን እንግዶች ሁሉ አስቀመጧቸው። ውኃ አጠጧቸው። ከዚያ ዝም አሉ። አንዱ ቸኩሎ ፎቶ ሊያነሳ ሲነሳ በእጃቸው መለሱት። ያ ዝምታ መጀመሪያ አሳፈረኝ፤ እንግዳ ጠርቶ እንደማኩረፍ ቆጠርኩት። በኋላ ስጠይቃቸው «ልቡ የሚደልቅ ሰው የሚሰማው የገዛ ልቡን ነው። እስኪበርድለት ጠብቂ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ሳልጠብቅ የጀመርኩበት ቀን የለም።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። የሚናገሩት ነገር ሦስት ዓይነት ነው። በዓይናቸው ያዩትን ሲናገሩ ዱላቸውን ፊት ለፊታቸው ቀጥ አድርገው ይተክሉታል። ካየ ሰው የሰሙትን ሲናገሩ ጉልበታቸው ላይ ያጋድሙታል። «ይባላል» የሚሉትን ሲናገሩ መሬት ላይ ያስተኙታል። እንግዳው ይህን አያውቅም፤ አንድ ሽማግሌ በዱላው ሲጫወት ነው የሚያየው። እኔ ግን ዓይኔ ከዱላው ላይ አይነሳም ነበር። ዩኒቨርሲቲ ስለ ታሪክ ምንጮች ያነበብኩት ሁሉ እዚያች ዱላ ላይ ነበር።

አንድ ቀን ዱላዋ ስትነሳ አየሁ። ከሂርና የመጡ ኮት የለበሱ ሽማግሌ ከእንግዶቹ መሃል ተቀምጠዋል። ኦቦ ሙሜ ሰዎቹ ከበባውን እንዴት እንዳለፉ እያወሩ ነው፤ ዱላዋ መሬት ላይ ተኝታለች። «በዚህ በኩል ዘብ የቆመው ፖሊስ እንቅልፍ ወስዶት ነበር ይባላል» አሉ።

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንቅልፍ አልወሰደኝም» አሉ።

ሁላችንም ዞር አልን።

«እኔ ነበርኩ ዘቡ። ሲመጡ አየኋቸው። ፊቴን ወደ ጥዱ አዞርኩ።»

ኦቦ ሙሜ አልተደናገጡም፤ አልተቆጡምም። «ስንት ነበሩ?» ብለው ብቻ ጠየቁ።

«መቁጠር አልፈለግኩም» አሉ ሽማግሌው።

ኦቦ ሙሜ ጎንበስ ብለው ዱላቸውን አነሱና ጉልበታቸው ላይ አጋደሟት። ከዚያን ቀን ጀምሮ የዘቡ ታሪክ ከጉልበታቸው ወርዶ አያውቅም። ሁለቱ ሽማግሌዎች ተደጋግፈው ሲወርዱ ከኋላ እያየሁ፣ ጭጋጉ አንዴ ሲሸፍናቸው አንዴ ሲገልጣቸው፣ ሥራዬን ወደድኩት። ያን ቀን የሆነውን ያዩት ዓይኖቼ ናቸው፤ ህልም አይደለም።

አሁን ወደ ከበደኝ ነገር ልምጣ።

በአሥረኛው ዓመት አካባቢ ጎብኚ በዛ። ለሽርሽር የሚመጡ ወጣቶችም ስማቸውን በከሰልና በቀለም ግድግዳው ላይ መጻፍ ጀመሩ። የፍቅረኛሞች ስም፣ የተቀደደ ልብ፣ የእግር ኳስ ቡድን። ኃላፊያችን አንድ ሳምንት ሰጠን፤ ትልልቅ እንግዶች ስለሚመጡ ግድግዳው ይጽዳ አለ። አሮጌውን ከአዲሱ መለየት የእኔ ሥራ ሆነ።

መለየቱን እችልበት ነበር። የዱመሳ ድንጋይ ኖራ አለበት። ውኃው በግድግዳው ላይ ቀስ እያለ ሲወርድ እንደ ሻማ ሰም ስስ ሽፋን ይተዋል። አሮጌው ከሰል ከሽፋኑ ሥር ነው፤ በጥፍር ብትነኩት ጣታችሁ አይጠቁርም። አዲሱ ግን ያጠቁራል። ሁለት ቀን በፋኖስ ጎን ለጎን እያበራሁ እያንዳንዷን ጭረት አየሁ። አሥራ አንዱን ስሞች አንድ በአንድ በጠመኔ ከበብኳቸው። ክቡ ውስጥ ያለው አይነካም፤ ሌላው ይታጠባል። የቢሮው ካሜራ ሌላ ሥራ ላይ ስለነበር ፎቶውን ሲጸዳ እናነሳዋለን አልኩ።

ኦቦ ሙሜ በዚያ ሳምንት ገለምሶ ለቅሶ ነበሩ። ሲሄዱ «ልጄ፣ ሦስት ቀን ጠብቂኝ። ከሠራተኞቹ ጋር እኔ እነጋገራለሁ» ብለውኝ ነበር። መጠበቅ እችል ነበር። አልጠበቅኩም። ኃላፊያችን አጣደፈኝ ማለት እችላለሁ፤ እውነቱ ግን ያለ እሳቸው መሥራት እንደምችል ማሳየት ፈልጌ ነው። ዘላለም ልጄ፣ ልጄ ሲሉኝ ሰልችቶኝ ነበር።

የጽዳቱ ዕለት ጭሮ ስብሰባ ነበረብኝ። አራቱን የቀን ሠራተኞች መናኸሪያ አገኘኋቸውና ሚኒባሱ ሳይነሳ በኦሮምኛ ነገርኳቸው። እዚህ ላይ አንባቢ ይታገሰኝ። በሐረርጌ ኦሮምኛ «አይታጠብም» ለማለት «ሂን ዲቀሙ» ይባላል። «ይታጠባል» ለማለት ደግሞ «ሂን ዲቀማ»። ልዩነቱ የመጨረሻዋ ድምፅ ብቻ ናት። እኔ «የተከበበው ሂን ዲቀማ» አልኩ። የተከበበው ይታጠባል።

የሠራተኞቹ አለቃ ጠርጣራ ሰው ነበር። አንገቱን በመስኮቱ አውጥቶ «ሂን ዲቀማ?» ሲል ደግሞ ጠየቀኝ።

ኦሮምኛዬ የተናቀ መሰለኝ። «አዎ አልኩህ እኮ!» ብዬ ቆጣ አልኩ። ሚኒባሱ ሄደ።

በማግስቱ ጠዋት ስወጣ አለቃው ዋሻው አፍ ላይ ፈገግ ብሎ ጠበቀኝ። እጁ በብሩሽ ተልጦ ነበር። «መምህርት፣ እንዳልሽው አድርገናል። በጣም አስቸጋሪ ነበር፤ በኮምጣጤና በሽቦ ነው የለቀቀልን» አለኝ።

ገባሁ። የጠመኔ ክቦቼ እንዳሉ ናቸው። አሥራ አንድ ክብ። ውስጣቸው ንጹሕ ነጭ ድንጋይ። ዙሪያቸውን ደግሞ ፍቅረኛሞቹ፣ ልቦቹ፣ የኳስ ቡድኑ፣ ሁሉም በደህና ተቀምጠዋል።

ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ጭጋግ ከውጭ ገብቶ እስከ ወገቤ እንደደረሰ አስታውሳለሁ። ከኋላዬ ሰውየው «አልጸዳም እንዴ?» ሲል፣ ድምፁ ከጉድጓድ ውስጥ እንደሚመጣ ሆኖ ተሰማኝ። «ጸድቷል» አልኩት። ምን አደረገ ብዬ እቆጣዋለሁ?

ለኃላፊያችን ስነግረው ጣሪያውን አየ። ከዚያ «ሠራተኞቹ ደሃ ናቸው፤ እነሱ ላይ ነው የሚወድቀው። በዝናብና በዘመን ብዛት ደብዝዘው ጠፉ ብለሽ ጻፊ» አለኝ። ለሠራተኞቹ ብዬ ነው ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩ። ዓረፍተ ነገሩ ከሪፖርቱ ወደ በራሪ ወረቀቱ፣ ከበራሪ ወረቀቱ ዋሻው በር ላይ ወደ ተተከለው የብረት ሰሌዳ ተዛወረ። ሦስቱም ላይ የእኔ አማርኛ ነው።

ኦቦ ሙሜ ከለቅሶ ሲመለሱ ግድግዳውን አዩ። የተጻፈውን አነበብኩላቸው። ዱላዋ በእጃቸው ነበረች። መሬት ላይ ያስተኟታል ብዬ ስጠብቅ፣ ይዘዋት ከዋሻው ወጡና ውጭ ጥድ ላይ አስደግፈዋት ተመለሱ።

«ዝናብ ዋሻ ውስጥ ይገባል እንዴ፣ ልጄ?» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት አብረን ሠራን። እንግዳ ሲመጣ ባዶው ግድግዳ ፊት ቆመው አሥራ አንዱን ስሞች በቃላቸው አንድ በአንድ ይጠራሉ። ሲጨርሱ አንዱ እንግዳ ስሞቹ ለምን ጠፉ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ያን ጊዜ እሳቸው ዱላቸውን ይዘው ይወጣሉ። እኔም «በዝናብና በዘመን ብዛት» እላለሁ። ከዚያ ተመልሰው ይገባሉ። አንድም ቀን አላጋለጡኝም፤ አንድም ቀን ቆመው አልሰሙኝም። ታመው ቤታቸው ልጠይቃቸው ስሄድ እንኳ ስለ ተራራው ሲያወሩኝ ስለ ግድግዳው አላነሱም። ካረፉ ሰባት ዓመት ሆናቸው። እኔም ባለፈው ዓመት ጡረታ ወጣሁ።

ጡረታ በወጣሁ በአራተኛው ወር አንዲት ሴት በሬን አንኳኳች። አምሳ ዓመት የሞላት፣ ደንዳና፣ መሰላ ገበያ ሽንኩርት የምትነግድ ሴት። ሐሊማ አደም እባላለሁ አለችኝ። አማርኛዋ የገበያ ነው፤ ትልቅ ትንሹን አንቺ ነው የምትለው።

«የዋሻው ሴት አንቺ ነሽ?»

«ነበርኩ። ግቢ።»

አልተቀመጠችም። «አባቴ ከነዚያ ሰዎች አንዱ ነው። እኔ እናቴ ሆድ ውስጥ ነበርኩ ሲሄድ። አልተመለሰም። ባለፈው ሳምንት ሠርግ ላይ አንድ ሽማግሌ ነገረኝ፣ በእጁ ስሙን ጽፏል ብሎ። እውነት ነው?»

«ስሙን አውቀዋለሁ» አልኳት። «አደም። ከአሥራ አንዱ አንዱ ነው።»

«ስሙንማ እኔም አውቃለሁ፤ የኔ ስም ነው!» ሳቀች። «የእጁን ጽሑፍ ነው የምልሽ። ፎቶ የለውም። መቃብር የለውም። እናቴ ጽሕፈቱ ያምር ነበር ትላለች። ውሰጂኝ።»

እዚያው መናገር ነበረብኝ። ከንፈሬ ተከፈተ፤ የወጣው ግን «ቅዳሜ እንሄዳለን» የሚል ነው።

ቅዳሜ በጠዋቱ ሚኒባስ ይዘን ሄድን። መንገዱን ሙሉ ስለ ሽንኩርት አወራችኝ፤ እኔ የሰማሁት ግን የለም። ዳገቱን ስንጀምር ደመናው ወርዶ ተቀበለን። ከፊቴ ትሄዳለች፣ ከፊቴ ትጠፋለች፣ ደግሞ ትገኛለች። በየማረፊያው አሁን እነግራታለሁ እላለሁ። ማረፊያው ያልቃል።

ዋሻው በር ላይ ደረስን። ሐሊማ ሰሌዳው ፊት ቆመች። ፊደል አትለይም።

«ይኼ ምን ይላል? አንብቢልኝ።»

ማንበብ ጀመርኩ። ስለ አሥራ አንዱ፣ ስለ ክረምቱ፣ ስለ ከበባው። ወደ መጨረሻው መስመር መጣሁ። «ስሞቹ በዝናብና...» አልኩና ድምፄ ቆመ።

«በዝናብና ምን?»

«ውሸት ነው፣ ሐሊማ። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ያጠፋኋቸውም እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገርኳት። ጠመኔውን፣ መናኸሪያውን፣ ያቺን የመጨረሻ ድምፅ፣ ሪፖርቱን። ስጨርስ ፊቷ ቀልቶ ነበር።

«ታች ለምን አልነገርሽኝም? ቤትሽ ለምን አልነገርሽኝም? ይህን ሁሉ ዳገት ለባዶ ድንጋይ አወጣሽኝ!»

ዞራ ወረደች። ከአምስት እርምጃ በኋላ ጭጋጉ ዋጣት። የጫማዋ ድምፅ ትንሽ ተሰማኝ፤ ከዚያ እሱም ቀረ። ሰሌዳው ሥር ተቀመጥኩ። ልከተላት አልደፈርኩም፤ ጥዬአት ልሄድም አልቻልኩም። ብዙ ቆየሁ። በመጨረሻ ከነጩ ውስጥ ሻሿ ቀድሞ፣ እሷ ተከትላ ወጣች።

«መንገዱ አይታይም» አለችኝ፤ ከእኔ ራቅ ብላ ተቀመጠች።

ትንፋሿ ሲበርድ ሰማሁት።

«የት ነበር የሱ?» አለች።

አስገባኋት። የሌሎቹ ሁሉ በቆመ ሰው ደረት ልክ ነበሩ። የአደም ግን ከግራ ጥግ፣ ከጉልበት ብዙም ከፍ ሳይል። በዐረብ ፊደል፣ ቀጠን ያለ፣ መጨረሻው ላይ ወደ ታች ረጅም ጭራ ያለው። ፋኖስ ይዤ ሁለት ቀን ያየሁት ነውና ዓይኔ ላይ አለ። በጣቴ ድንጋዩ ላይ ነዳሁት።

«ለምን እንዲህ ዝቅ አለ?»

«እግሩ ቆስሎ ነበር። ተቀምጦ ነው የጻፈው። ውኃ ያመጡላቸው የነበሩት ሰው በዓይናቸው አይተዋል።»

ሐሊማ ይህን አታውቅም ነበር። ማንም አልነገራትም። ግድግዳውን ጀርባዋ አድርጋ ቀስ ብላ ተቀመጠች፤ እግሯን ዘረጋች። ወደ ውጭ አየች። ደመናው እየሳሳ ነበር።

«ነዪ» አለችኝ ድንገት። «ቁጭ በይ። እዚህ።»

አጠገቧ ተቀመጥኩ። ዋሻው አፍ ላይ ከላይ ወደ ታች የተንጠለጠለ ድንጋይ አለ። ለቆመ ሰው ማዶውን ይጋርዳል። ሃያ አምስት ዓመት እዚያ ዋሻ ውስጥ ቆሜ ተናግሬያለሁ፤ እዚያ ጥግ ቁጭ ብዬ ግን አላውቅም። ከድንጋዩ ሥር፣ ገደሉን ተሻግሮ፣ የማዶው ተዳፋት ወለል ብሎ ታየኝ። እርሻ፣ አንድ ትልቅ ዋርካ፣ ከዋርካው ሥር ሦስት ቤቶች።

«የመሀሉ የኛ ነው» አለች ሐሊማ።

ሰኞ ጠዋት ደብዳቤ ጽፌ ወደ ቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ሄድኩ። አዲሱ ኃላፊ ወጣት ነው፤ ሁለት ጊዜ አነበበው። «ጡረታ ወጥተዋል እኮ፣ እማማ። ማን ጠየቀዎት?» አለኝ። ሰሌዳው ይስተካከልልኝ አልኩ። በሁለት ወሩ ተስተካከለ። አሁን «በሠራተኛ ስህተት ታጥበው ጠፍተዋል» ይላል። ስሜም ይጻፍ ብዬ ነበር፤ ለሰሌዳ ይረዝማል ብለው ተዉት።

ሐሊማ ባለፈው ወር ደወለችልኝ። «እናቴን ላመጣት ነው። አንቺም ነዪ» አለች። እናቷ አዴ ፋጡማ ሰማንያ ይጠጋሉ፤ ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል። በበቅሎ አወጣናቸው፤ የመጨረሻውን ዳገት የወንድማቸው ልጅ አዘላቸው። ደመናው በዚያ ቀን እንደ ጥጥ ነበር። ዋሻው ውስጥ አስገብተን ያቺ ጥግ ላይ አስቀመጥናቸው። ስለ ግድግዳው አስቀድሜ ነግሬያቸው ነበር፤ «ሰው ነሽ» ብለው አልፈውታል። ግድግዳውን አልነኩም፤ አልጠየቁም። ፊታቸውን ወደ ብርሃኑ አዞሩ።

«ሐሊማ፣ አጥራችን ከዚህ ይታያል?»

«ለምን እማዬ?»

«ያን ክረምት ሲነጋ ሲነጋ ነጩን ልብስ አጥሩ ላይ አሰጣ ነበር። ደርቆ ሳለ እንኳ መልሼ አጥበዋለሁ፣ አሰጣዋለሁ። ጎረቤት አበደች ይለኝ ነበር። ካየው፣ ደህና ነኝ ማለቴን ያውቃል ብዬ። ይየው፣ አይየው አላውቅም። ለማንም አልተናገርኩም።»

ሐሊማ ወደ እኔ ተመለከተች። ውጭ ነጭ ብቻ ነው። አዎ ይታያል ማለት ቀላል ነበር፤ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

«ዛሬ ደመና ነው፣ አዴ ፋጡማ። ምንም አይታየኝም» አልኩ። «ሲገልጥ ቤቱን አይቼዋለሁ። አጥሩን ልብ አላልኩም።»

«እንግዲያው እንጠብቅ» አሉ።

አጠገባቸው ተቀምጠን ጠበቅን። የወንድማቸው ልጅ ዳቦ ቆርሶ አደለን። በቅሎዋ ውጭ ቅጠል ስትነጭ ይሰማል። አዴ ፋጡማ ዓይናቸውን ጨፍነው ስለነበር የተኙ መሰለኝ። ከዚያ ከገደሉ በኩል ነፋስ ተነሳ፤ ደመናው መሀሉ ላይ እንደ መጋረጃ ተከፈለ። መጀመሪያ ዋርካው፣ ቀጥሎ ጣሪያው፣ ቀጥሎ የቁልቋሉ አጥር። አጥሩ ላይ አንድ ነገር ተሰጥቷል።

«አጥሩ ይታያል» አልኩ።

«ልብስ አለበት?»

«አለ። ምን እንደሆነ አልለየሁትም። ነጭ ነው።»

አዴ ፋጡማ ዓይናቸውን ሳይገልጡ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እንግዲያው አይቶታል» አሉ።